ራሴ ይቃጠላል የሚለው አባቴ፣ ምርመራው ሁሉ «ደህና ነው» ይላል

የጮቄ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቤተሰቦቼ ጮቄ ተራራ ሥር ናቸው፤ እኔ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። የምጽፈው ስለ አባየ ነው። ዕድሜው ወደ ስድሳ ነው። ገብስና ድንች ያመርታል፤ በሥራ የሚታማ ሰው አይደለም። ከመኸር ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ራሴ ይቃጠላል ይላል። አናቴ ላይ የሆነ ነገር ውርር ይለኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል ይላል። ሌሊት 9 ሰዓት ይነቃና እስኪነጋ ቁጭ ነው። በሬዎቹን ሳያይ ቁርስ የማይቀምስ ሰው፣ አሁን ታናሽ ወንድሜ ጠምዶ ሲወጣ ከመደቡ ቀና እንኳ አይልም። ሰንበቴ ቀረ። እድርም እማየ ናት የምትሄድለት።

ያላንኳኳነው በር የለም። ታይፎይድ ተባለ፣ ታከመ። ጨጓራ ተባለ፣ ታከመ። ደም፣ ሽንት፣ አልትራሳውንድ፣ የራስ ሲቲ ስካን ሳይቀር ተነሣ። መልሱ አንድ ነው፤ «ምንም የለበትም»። ቫይታሚን ይዘን ተመለስን። ጎረቤት መተት ነው ይላል። እማየ ግሽ ዓባይ ጸበል እንውሰደው ትላለች። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ሳነብ ስለ ድብርት አየሁ። ግን አባየ አንድም ቀን «ከፋኝ» ብሎ አያውቅም። ከፋኝ የማይል ሰው ድብርት ይይዘዋል? የምታውቁ ንገሩኝ።

የአዴት ሰው፦
ታይፎይዱ በደንብ አልወጣለትም። መርፌውን ደግማችሁ አስወጉት።

የጮቄ ልጅ፦
መርፌውማ ስንቴ ተወጋ ወንድሜ።

ነርሷ፦
እዚሁ ጎጃም ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። የት እንደሆነ ይቅር። አባትህን ሳላይ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን የጻፍከውን ነገር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ወደ እኛ የሚመጣ ገበሬ «ከፋኝ» ብሎ አይመጣም። ራሴ ተቃጠለ፣ ልቤን መታኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ፣ ውስጤን ነዘረኝ ብሎ ነው የሚመጣው። ሕመሙ ውሸት አይደለም። ድብርት እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ጉልበትን፣ የሕመም ስሜትን ሁሉ ይነካል። ችግሩ ላብራቶሪ ድብርትን አያይም። ስለዚህ «ምንም የለም» ሲሏችሁ የፈለግነውን በሽታ አላገኘንም ማለታቸው ነው። ሰውየው ደህና ነው ማለት አይደለም።

እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ስሜቱ ወድቋል? ወይስ ድሮ ደስ የሚለው ነገር አላስደስት ብሎታል? ከሁለቱ አንዱ ካለ እንቀጥላለን። እንቅልፍ አጥቷል ወይስ በዝቶበታል? ይበላል? ይደክመዋል? ሐሳቡን መሰብሰብ አቅቶታል? እንቅስቃሴው ተጎትቷል ወይስ መቀመጥ አልቻለም? ራሱን ይወቅሳል? ሞትን ይመኛል? ከእነዚህ ሁሉ አምስት ያህሉ ከተገኙና ኑሮውን ካስተጓጎሉት ድብርት ነው ወደ ማለት እንሄዳለን። እንግዲህ ልብ በል። አባትህ «ከፋኝ» ላይል ይችላል፤ ግን በሬዎቹን ማየት ትቷል። ለመጠርጠር ለእኔ እሱ ይበቃኛል።

አንድ ምርመራ ግን አትዝለሉ፤ ታይሮይድ፣ የአንገት እጢ ማለት ነው። ደጋችን አዮዲን ያነሰው ነው፣ እንቅርት በየመንደሩ አለ። የዚያ እጢ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰውየው ይፈዛል፣ ይደክመዋል፣ ድብርት ይመስላል። ሥራው ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጭንቀት ይመስላል። ደም ማነስም ይታይ።

የጮቄ ልጅ፦
ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። ያልሽውን ይዤ እማየን ደወልኩላት። ያልነገረችኝ ብዙ ነገር አለ ለካ። ለመተኛት ብሎ ማታ ማታ አረቄ ይቀምሳል። አንድ ቀን ደግሞ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ሲያወሩ «እኔ መኖሬ ለማን ይጠቅማል» ብሏታል። እሷ ንዴት መስሏት «አፍህን በመልካም ክፈት» ብላ ዝም አሰኘችው።

ነርሷ፦
ያቺን ንግግር እንዳታልፏት። ዛሬውኑ የሚቀርበው ሰው ፊት ለፊት ይጠይቀው። «አባየ፣ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል?» በሉት። ብዙ ሰው መጠየቁ ሐሳቡን ያስገባበታል ብሎ ይፈራል። አያስገባም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ። አዎ ካለ አትቆጡት፣ ኃጢአት ነው ብላችሁም አትጀምሩ። አዳምጡት። እንዴት እንደሚያደርገው ጭምር ካሰበበት ብቻውን አይዋል፣ አይደር፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይምጣ። ቤት ውስጥ የሰብል ፀረ-ተባይ መድኃኒት ካለ ወደ ሌላ ቤት ይሂድ ወይም ይቆለፍበት።

አረቄው ቶሎ ያስተኛል፣ እንቅልፉን ግን ይሰባብረዋል። ሌሊት 9 ሰዓት የሚነቃበትን እሱም ያባብሰዋል። ድብርቱንም ያከብደዋል።

ድንበሩ፦
እኔ ይህን ነገር አልቀበልም። አያቶቻችን አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን በዱር በገደል ሲዋጉ ማን ድብርት ያዘኝ አለ? የፈረንጅና የስልክ በሽታ ነው። ሰው ሥራ ይያዝ፣ ይድናል።

መምህርት ወለላ፦
ድንበሩ፣ አያትህ አርበኛ ከነበሩ የእኔም ነበሩ። ከጦርነቱ ወዲህ ሰው አልሆኑም ይባል ነበር። ማታ ማታ እየጮኹ ይነሡ ነበር። ጫካ የገቡና ቤታቸውን የዘጉ፣ ሚስት ልጅ የተዉ ሰዎች በየአገሩ ነበሩ። ለሕመማቸው ስም የሚሰጥ ሐኪም ስላልነበረ በሽታው አልነበረም ማለት አይደለም።

ሌላው ነገር፣ በአገራችን ለብዙ ዘመን ለአእምሮ ሕክምና ብቻ የቆመው ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። ከጎጃም እስከዚያ የሚወሰደው ጨርቁን የጣለው ብቻ ነው። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም ሲባል እኛ የምናውቀው የታሰረ ሰው ነው። (ማቻከል ውስጥ አማኑኤል የሚባል ከተማ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ የምታዩትን አሳር እኔ አውቀዋለሁ። «ከየት ነህ?» ሲባል «ከአማኑኤል» ማለት ቀላል አይደለም።) ብዙው ሕመም ግን እንዲህ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. 301 ሚሊዮን ሰው ከጭንቀት፣ 280 ሚሊዮን ሰው ከድብርት ጋር እንደሚኖር ገምቷል። አብዛኛው ሥራ የሚሄድ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነው። ሥራ ይያዝ ላልከው፣ የዚህ ልጅ አባት ሥራ ጠፍቶት ነው እንዴ?

ባጃጁ፦
የእኔ ድብርት ሳይሆን ጭንቀት ነው፣ ግን ልጻፈው፣ አንድ ሰው ይጠቅማል። ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ። አንድ ከሰዓት ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ዓባይ ማዶ ስሻገር አዲሱ ድልድይ መሐል ላይ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረች። አየር አጠረኝ። እጄ ደነዘዘ፣ መሪውን እንደያዝኩ ጣቶቼ አይሰሙኝም። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። በቃ ሞትኩ አልኩ። ዳር ያዝኩና «ውረዱልኝ» አልኳቸው። አንዲት እናት «ልጄ ሰክረሃል?» አሉኝ። አጠጡኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ለቀቀኝ። ሆስፒታል ሄድኩ፣ ኢሲጂ የሚባል የልብ ምርመራ ተነሣሁ፣ «ልብህ ከእኔ ልብ ይሻላል» አለኝ ሐኪሙ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። እንደገና መጣ። ከሕመሙ በላይ የገደለኝ «መቼ ይመጣብኝ ይሆን» የሚለው ፍርሃት ነው። ወደ ዓባይ ማዶ የሚል ተሳፋሪ ሁሉ መመለስ ጀመርኩ። ገቢዬ ወረደ። ጓደኞቼ «ዓባይ ለክፎት ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ፋርማሲ ያለ ወዳጄ ዳያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጠኝ። ሲውጡት ሰላም ነው። ቀስ በቀስ ግን ያለ እሱ ከቤት አልወጣ አልኩ። በመጨረሻ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ጋ ደረስኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልቤ አልነበረም። «ስንት ስኒ ቡና ትጠጣለህ? ጫትስ?» ነው ያለችኝ።

ነርሷ፦
ጎበዝ ሐኪም ናት። የባጃጁ ታሪክ ከመጻሕፍቱ ጋር አንድ ነው። ድንገተኛ የፍርሃት መናጥ ነው፤ ሐኪሞች ፓኒክ ይሉታል። በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። ሰውነት ነብር ያየ ሲመስለው የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው፤ ነብሩ ብቻ ነው የሌለው። የሞት ያህል ያስፈራል፣ ግን አይገድልም። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ በተለይ ዕድሜው ለገፋ ሰው፣ ልብ መታየት አለበት፤ ይሄ አይዘለልም። አንዴ ታይቶ ደህና ከሆነ ግን በየሳምንቱ ኢሲጂ መነሣት ፍርሃቱን ይቀልባል እንጂ አያድንም።

ቡናን ማንም ከጎጃሜ እጅ አይነጥቅም። ግን ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ላዩ ላይ ጫት ጨምሮ «ልቤ ለምን ይመታል» ማለት አይሆንም። ዳያዜፓምን ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁ ደግሞ በአንድ ቀን አትጣሉት። በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚወጣው፤ በድንገት ማቆም አደጋ አለው።

ባጃጁ፦
እኔንም እየቀነሰች ነው ያስወጣችኝ። ድልድዩን ደግሞ መጀመሪያ ከጓደኛዬ ጋር በእግር አሻገረችኝ። ቀጥሎ ባዶ ባጃጅ ይዤ። ሲመጣብኝ እንዳልሸሽ፣ ዳር ይዤ ትንፋሼን ወደ ውጭ እያስረዘምኩ እስኪያልፍ እንድጠብቅ። አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። ዓባይ ማዶ ግን እጭናለሁ፣ ደውሉ።

ዲያቆን ዘደጀን፦
ስለ ጸበሉ እኔ ልናገር። እናትህ ግሽ ዓባይ እንሂድ ማለታቸው ደግ ነው፤ የአቡነ ዘርዓ ብሩክን በረከት እኔም አምናለሁ። ሐኪም ቤትና ጸበል ግን አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቡ። ሐኪምን አክብረው ይላል፤ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር አውጥቷል ይላል። ደግሞ «ሃይማኖት ያለው ሰው ሞትን አይመኝም» የምትሉ ሰዎች 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ተመልከቱ። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» አለ። ኤልያስ ነው እንግዲህ! እግዚአብሔርም አልገሠጸውም። አስተኛው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞ አስተኛው። ተግሣጽ አልቀደመም።

የቡሬ ልጅ፦
ዲያቆን መልካም ብለሃል፣ ግን መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። አጎቴን ጸበል ስንወስደው አጥማቂው ኪኒኑን ጣሉ አሉን። ጣልን። ከሳምንታት በኋላ አጎቴ እንቅልፍም አጣ፣ ድምፅም ይሰማኝ ጀመር አለ። እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

አስተባባሪ፦
የቦታም የሰውም ስም ባለመጥቀስህ እናመሰግናለን። ሌሎቻችሁም እንዲሁ።

ዲያቆን ዘደጀን፦
ያሳዝናል። መድኃኒት ጣሉ የሚል ቀኖና የለም። እንዲህ ያላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። ለሕመምተኛ ጾሙን የሚያቀልለት እሱ ነው፤ በደዌ ያለ ሰው እንደ ጤነኛው አይገደድም። ጸበሉንም ኪኒኑንም የሚያስኬዱ አባቶች ሞልተዋል።

የመራዊ እናት፦
የሴቶቹንም ነገር አንሡ እንጂ። የበኩር ልጄን ስወልድ ቤቱ በገንፎና በእልልታ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን ልጄን ሳየው ምንም አይሰማኝም። አለቅሳለሁ። ጡት ስሰጥ «እኔ እናት አይደለሁም» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። አማቴ አራስ ብቻዋን አትተውም ብላ ብረት ከራስጌዬ አኖረች፤ አብራኝም አደረች። ብረቱ ምን እንዳደረገ አላውቅም። አብራኝ ማደሯ ግን ጠቅሞኛል። የሆነውን ያወቅሁት ልጁን ለክትባት ስወስድ ነው። አንዷ ባለሙያ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ልጁ ነበር።

ነርሷ፦
በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና መረበሽ ብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ ወይም እየከበደ ከሄደ የወሊድ ድብርት ነው፤ ሕክምና አለው። ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ። እናቲቱ ግራ የገባ ነገር ካወራች፣ ሌላው የማይሰማውን ከሰማች ወይም ልጁን እንዳትጎዳ ካስፈራች ግን ለነገ አይባልም።

የደምበጫ ሰው፦
ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ያለውን ግጭት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ፖለቲካ አላወራም። ልጄ በር ሲላተም ዘሎ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። አልጋውን ማርጠብ ጀምሯል፣ ትልቅ ልጅ እኮ ነው። ይህስ በሽታ ነው?

ነርሷ፦
ብዙው ልጅ ረጋ ያለ ቤትና የተለመደ ውሎ ሲያገኝ ይሻለዋል። የመኝታ ሰዓቱ፣ ጨዋታው፣ ከተቻለ ትምህርቱ አይቋረጥ። አልጋ አረጠብክ ተብሎ አይመታ። ያየውን ተናገር ብላችሁ አታስጨንቁት፤ ራሱ ሲያወራ ግን አታስቁሙት። ቅዠቱና ድንጋጤው ከወር ካለፈ፣ ያንን ቦታና ወሬ መሸሹ ካልቀረ የአደጋ ሠቀቀን፣ ክፉ ነገር ካዩ በኋላ የሚቀር ሕመም፣ ሊሆን ይችላልና አምጡት። አንተስ ትተኛለህ? ልጅ የአባቱን ፊት ነው የሚያነበው።

መምህርት ወለላ፦
በነገራችን ላይ ዚምባብዌ ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነገር አለ። የአእምሮ ሐኪም በጣም ጥቂት ስለሆነ ሠፈር ያሉ አያቶችን አሠለጠኗቸው። ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የመጣውን ያዳምጣሉ፣ አንዱን ችግር መርጠው አብረው መፍትሔ ይፈልጋሉ። ተጠንቶ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል።

ድንበሩ፦
እኛ ይህ ሁሌም አለን። ቡና እንጠጣለን፣ እናወራለን። ሥልጠና ምን ያደርጋል?

የመራዊ እናት፦
ወንድም ዓለም፣ እኔ ያንን ሐሳብ ቡና ላይ ባወራው ኖሮ ከበረካው በፊት ገበያ ይደርስ ነበር። የሠለጠነች አያት የምትለየው ምስጢር ትይዛለች። «ተይ እንዲህ አይባልም» ብላም አፌን አትዘጋም።

ድንበሩ፦
እሱስ ልክ ነሽ።

የጮቄ ልጅ፦
ሰዎች ተመልሻለሁ። መንገዱ ሲከፈት አባየን አምጥቼ ሆስፒታል አሳየሁት። የታይሮይዱም የደም ማነሱም ውጤት ደህና ነው። ከዚያ ወደ አእምሮ ክፍል ላኩን። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ላነብለት ፈራሁ፤ ግን ሐኪሙ ቀላል ሰው ነው። ስለ ገብሱ ጠየቀው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬዎቹ። ከዚያ «አባቴ፣ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?» አለው። አባየ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። «ማዳበሪያ ተበድሬ ዘራሁት፣ ዋግ በላው። ልጆቼ ላይ ዕዳ ጥዬ ልሂድ? አልሄድኩም። ግን አስቤያለሁ» አለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ታዘዘለት፣ ጠዋት ጠዋት። መድኃኒቱን እማየ ትይዘዋለች። አሁን ግን ያቅለሸልሸኛል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ ለውጥም የለውም፣ ልተወው እያለ ነው። ጾም ሲገባስ እንዴት ነው የሚወስደው?

ነርሷ፦
አይዟችሁ፣ የሚጠበቅ ነው። ማቅለሽለሹና መፍዘዙ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ጥቅሙ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ሰው የሚተወው ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ ነው። ሱስ አያስይዝም፤ ግን በድንገት አይቆምም። ሲሻለውም ያኔውኑ አይተውም፤ ከዳነ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፣ አለዚያ ቶሎ ያገረሻል። መጀመሪያ ሰሞን መረበሹ ከባሰ ወይም የሞት ሐሳቡ ከጨመረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጡት።

በቀን አንዴ ስለሆነ ለጾም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል። የጤና መድን መታወቂያችሁን አሳድሱ፤ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ይዛችሁ ኑ። መንገድ ሊዘጋ ይችላል በሉና የሁለት ሦስት ወር ይጻፍልን ብላችሁ ጠይቁ። በቅርብ ጤና ጣቢያ ክትትሉ ይቀጥል ከተባለም የሕክምና ወረቀቱ ከእጃችሁ አይጥፋ።

ከኪኒኑ ሌላ፣ ደስ እስኪለው አትጠብቁት። ድብርት ውስጥ መነሣቱ ይቀድማል፣ ደስታው በኋላ ነው የሚመጣው። ሙሉ ቀን እረስ አትበሉት፤ በሬዎቹን ውኃ ያጠጣ፣ ይበቃል። ዕዳውን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ኪኒን ዕዳ አይከፍልም።

የቢቸና ልጅ፦
ይቅርታ ዘግይቼ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ የእኔን ወንድም ድብርት ያዘው አልኩ። ከወራት በፊት እንደ አባታችሁ ተኝቶ ነበር። አሁን ግን ተነሥቷል። ሌሊት አይተኛም፣ አይደክመውም። በብድር ሁለት በግ ገዝቶ አረደና መንደሩን ጠራ። ለአገር የምነግረው መልእክት አለኝ ይላል። ያን ፍሉኦክሴቲን ገዝቼ ልስጠው?

ነርሷ፦
እንዳትሰጠው። ይህ ሌላ ነው። አንዴ ወድቆ አንዴ ከልክ በላይ የሚነሣ ሰው ባይፖላር ሊሆን ይችላል፤ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሲሰጠው ከፍታው ሊብስበት ይችላል። የሚሰጠው ስሜቱን የሚያረጋ ሌላ መድኃኒት ነው። ገንዘቡን ደብቁለት። አትከራከሩት፣ በገመድም አትሰሩት። የሚያምነው ሰው ይዞት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወይም ለእናንተ ወደሚቀርበው ይምጣ፣ በቶሎ። ከዚህ በፊት ተኝቶ እንደነበረም አብራችሁ ንገሩ፤ ያንን ካልነገራችሁ ግማሹ ታሪክ ነው የሚታየን።